ደሟ አልበዛም ነበር

ሚስቴን ልገድላት የደረስኩት በዱላ አይደለም፤ በመርዝም አይደለም። በትርጉም ነው። አንድ የአማርኛ ቃል ወደ ትግርኛ ስመልስ ተሳሳትኩ፤ ከዚያም ስህተቴን እንደ ሕግ በቤቴ ላይ አወጅኩ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመለመን አይደለም፤ ይቅርታውን ከሚመለከታት ሰው ጠይቄአለሁ። የምጽፈው፣ አንባቢ ሆይ፣ በአንተም ቤት ያንኑ ቃል የሚያውቀው የሚመስለው ሰው ስለማይጠፋ ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልናገር። ስሜ ወልዱ ነው። የምኖረው አስመራ፣ ሓዝሓዝ ነው። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የእንፋሎት ማሞቂያው ጠባቂ ነበርኩ፤ እኛ በጣልያንኛው ካልዳያ እንለዋለን። ትምህርት ዘግይቼ ጀምሬ አራተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ። የቀረውን ካልዳያው አጠገብ ተቀምጬ የተገኘውን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ተማርኩ። በእኔ ጊዜ ትምህርቱ በአማርኛ ስለነበር ማንበብም መጻፍም የማውቀው በእሱ ነው። ነጻ ከወጣን በኋላ "ለምን በእነሱ ቋንቋ ትጽፋለህ?" ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ያነበብኩበትን ዓይን አውጥቼ አልጥልም። በሰፈሩ ደብዳቤ ሲመጣ፣ የመድኃኒት ወረቀት ሲነበብ የሚጠሩት እኔን ነበር። ይህ ሰውን ያኮራል። እኔንም ከልክ በላይ አኩርቶኛል።

ከነጻነት በፊት ከተማችን ተከብባ ነበር። የምጽዋ መንገድ ሲዘጋ ጨው እንኳ ብርቅ ሆነ። ፋብሪካ የምሄደው በእግሬ፣ የምመለሰውም በእግሬ ነበር። ሚስቴ ለተብርሃን ቀሚሶቿን በመርፌ እያጠበበች ትለብስ ነበር። በዚያ ጊዜ ልጆቼ ፊት ማልኩ፤ ሰላም ከመጣ በዚህ ቤት ጨው የለም፣ ዘይት የለም፣ ስኳር የለም የሚል ቃል አይሰማም ብዬ።

ሰላም መጣ፤ እኔም ቃሌን ጠበቅኩ። ታላቅ ወንድሜ ተስፉ ከጅዳ ሲመለስ አዲስ ማኪና ይዞ ስለመጣ አሮጌዋን ለእኔ ተወልኝ። ከዚያ ወዲያ ዳቦ ለመግዛት እንኳ በማኪና ሆነ። ተጋዳዮቹ፣ የነጻነት ተዋጊዎቹ ማለት ነው፣ ከሜዳ ስለተመለሱ ለዓመታት የተጠራቀመው ሠርግ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈሰሰ። እሑድ በመጣ ቁጥር ዳስ አለ፤ ዝግኒ የምንለው ቀይ የሥጋ ወጥ፣ ስዋ የምንለው ጠላ፣ ሜስ የምንለው ጠጅ፣ ጠርሙስ ለስላሳ። ለተብርሃን ያጠበበቻቸውን ቀሚሶች ፈታች፤ ቀጥሎ እነሱም አልበቃ ብለው ሌላ ተሰፋ። ዘመድ ሲያገኘን "ወፍራችኋል፣ እሰይ" ይለናል። እኛም "ተመስገን" እንላለን። ውፍረታችን የነጻነት ምስክር ወረቀት ይመስለን ነበር።

ለተብርሃን ማጅራቴን አመመኝ ማለት የጀመረችው ከነጻነት በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጠዋት ስትነሳ ራሷን ያዞራታል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ከእነዚያ እኛ አምቼ ከምንላቸው፣ ኢትዮጵያ ተወልደው አድገው ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ከገቡት ልጆች አንዱ። ትግርኛው ሰላምታ አያልፍም። እኔ ደስ አለኝ፤ ሥራዬ ተገኘ። ክንዷን በጨርቅ አስሮ፣ ጎማውን እየጨመቀ፣ መርፌ ያለባትን ትንሽ ሰዓት የምትመስል መለኪያ አየ። እንደገና ለካ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አባት፣ እናታችን ደም ብዛት አለባቸው። ከፍተኛ ነው። ይህን ክኒን በየቀኑ ይውሰዱ፤ ደህና ነኝ ብለው እንዳያቆሙ። ጨው ይቀንሱ። ቅባትና ጣፋጭም ይቀንሱ። በእግራቸው ይሂዱ። ይንገሩልኝ።"

ለተብርሃን አፌን አፌን ታያለች። "ምን አለ?" አለችኝ።

"ደምኪ በዚሑ ኣሎ" አልኳት። ደምሽ በዝቷል ማለቴ ነው።

ሳቀች። "ስድስት ልጅ ወልጄ የተረፈ ደም አለኝ?"

"አለሽ ይላል።"

"ሌላስ?"

"ክኒን ሰጥቶሻል" አልኳት።

ጨውን አልተረጎምኩም። ረስቼው አልነበረም። በነጻነት ዘመን፣ ከዚያ ሁሉ ችግር በኋላ፣ በወልዱ ቤት ጨው አይበላም ሲባል ታየኝና አንገቴን አስደፋኝ። በእግር መሄዱንም አልተረጎምኩም፤ ማኪና እያለ ሚስቱን በእግሯ የሚያስኬድ ሰው ምን ይባላል? ሐኪሙ "ነገሯቸው?" አለኝ። "እወ፣ ነግሬአታለሁ" አልኩት።

ቤት ገብቼ አሰብኩበት። አእምሮዬ ቀጥ ያለ ነው ብዬ እመካ ነበር። የበዛ ነገር ምን ይደረጋል? ይቀነሳል። ክኒን ተውጦ ሆድ ይገባል እንጂ ደም ከሰውነት አያወጣም። ስለዚህ ክኒኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር አስቀመጥኩትና ለተብርሃንን ቃሓውታ የሚባል ሰፈር ወደምትኖር፣ አደይ ምሕረት ወደምንላት አሮጊት ወሰድኳት። አደይ ምሕረት ጀርባ በምላጭ እየበጣች በቀንድ ደም ትስባለች፤ በአማርኛ ዋግምት የሚባለው ነው።

የመጀመሪያው ቀንድ ሲሞላ አሮጊቷ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። "ወደይ፣ ልጄ፣ ይህ ደም ጥቁር ነው። ሰባት ሠርግ አለበት" አለችኝ።

ሁላችንም ሳቅን። ለተብርሃን በዚያ ቀን ቀለል አላት። እኔም ሐኪሙን በልጫለሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ወሰድኳት። ደረጃ ስትወጣ ማረፍ ጀመረች፤ ፊቷ ገረጣ። ይህም መልካም ምልክት መሰለኝ፤ ደሙ እየቀነሰ ነዋ።

አራተኛው ዋግምት ዓርብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት የበኩር ልጃችን ሰናይት ከከረን መጣች። እሑድ የተስፉ ልጅ ሠርግ ስለነበር ነው። ሰናይት በአሥራ ሰባት ዓመቷ እኔን ሳትጠይቅ ሜዳ የወጣች፣ እዚያ ሕክምና ተምራ ቁስለኛ ስታክም የኖረች ልጅ ናት። ከተመለሰች በኋላ በእኔና በእሷ መካከል ያልተነገረ ነገር ነበር፤ አንዴ ሳታስፈቅደኝ ስለሄደች ዳግመኛ ልታዘኝ እንዳትሞክር እጠነቀቅ ነበር።

እናቷ ልብስ ስትቀይር ጀርባዋን አየች። ወደ እኔ መጣች።

"አቦይ፣ የእናቴ ጀርባ ምንድን ነው?"

"ደሟ በዝቶ ነው። እየቀነስንላት ነው።"

"ማን ነው በዝቷል ያለው?"

"ሐኪም። በአፉ ነው የነገረኝ።"

"ሐኪሙ ደሟን አፍስሱ አለ?"

"‘ደም ብዛት’ ነው ያለው። አማርኛ አንቺ ታስተምሪኛለሽ?"

"መድኃኒት አልሰጣትም?"

"ሰጥቷል፤ አላስፈለገም።"

"የት ነው ያለው?"

"ሰናይት" አልኳት፣ "ሜዳ ላይ ጥይት ማውጣት ሌላ ነው። ይህ የእኔ ቤት ነው።"

ክኒኑን ፈልጋ አላገኘችውም። ጠዋት ሐኪም ጋር ይዣት እሄዳለሁ አለች። እናቷ ግን "የተስፉ ልጅ ሲዳር ሐኪም ቤት ልቀመጥ? ሰኞ እንሄዳለን" አለች። ሰኞ ይሁን ተባለ። እኔም በልቤ፣ ሰኞ ሲደርስ እናያለን አልኩ።

እሑድ ቪላጆ ጀኒዮ በሚባለው ሰፈር፣ በተስፉ ግቢ ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነበር። ተስፉ ራሱ እየዞረ ያጎርሳል፤ ጉርሻው ደግሞ እምቢ የማይባል ነው። ሰናይት ከእናቷ አጠገብ ሆና ሳህኑን ስትከላከል ሰማኋት።

"አቦይ ተስፉ፣ ይበቃታል።"

"አንቺ ልጅ፣ ሜዳ ላይ ኮቾሮ ስትበሉ ኖራችሁ ሥጋ ጠላችሁ? ለተ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።"

ለተብርሃን ጎረሰች። ጥቂት አኘከችና ቆመች። የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። ሰው "እሰይ፣ ሲሳይ ነው" አለ። ለማንሳት ጎንበስ ስትል ቀኝ እጇ አልታዘዛትም። ወደ እኔ ቀና ስትል የአፏ አንድ ወገን ወደ ታች ወርዷል። አንድ ነገር ልትለኝ ሞከረች፤ የመጣው ቃል አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ ነው።

ዳሱ ተተራመሰ። አንዷ "ዓይን በልቷታል" አለች። ሌላው "ነፋስ መትቷታል፣ ማይ ጨሎት አምጡ" አለ፤ ጸበል ማለቱ ነው። እኔስ ምን አልኩ? ልደብቀው እችል ነበር፤ አልደብቅም። "ደሙ አላለቀም ማለት ነው። አደይ ምሕረትን በቶሎ ጥሩልኝ" አልኩ።

ሰናይት እናቷን በጎኗ አስተኝታ አፏ ውስጥ የቀረውን ሥጋ በጣቷ እያወጣች ነበር። ሳትነሳ ቀና ብላ አየችኝ። "አይሆንም። ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው። የማኪናውን ቁልፍ ይስጡኝ።"

"በቤተሰቤ የምወስነው እኔ ነኝ።"

"እስካሁን እርስዎ ወሰኑ" አለች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ልጄ በዘመድ ፊት ስትቃወመኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ቁልፉ በኪሴ ነው፤ በእጄ ጨብጬዋለሁ። ተስፉ በጆሮዬ "ልጅህ ስትደፍርህ ዝም ትላለህ?" አለኝ። ሰናይት ተነሥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። አልለመነችኝም፤ እጄንም ልትፈለቅቅ አልሞከረችም። መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች። መዳፏ ላይ የእናቷ ምራቅ ነበር።

ያ መጠበቅ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ከዚያ በፊት ከኖርኩት ዘመን የሚረዝም ይመስለኛል። ሚስቴን አየሁ። በግራ እጇ የቀኝ እጇን ትፈልጋለች፤ የሰው እጅ ያገኘች ይመስል ትዳስሰዋለች። ቁልፉን ሰጠሁ።

ሰናይት ነዳች። እኔ ኋላ ተቀምጬ የለተብርሃንን ራስ በጭኔ ያዝኩ። ከግራ ዓይኗ እንባ ይወርዳል፤ ሌላው የፊቷ ወገን ግን አያውቅም። "ለተ፣ ደረስን" እላለሁ። ማን ደረሰ?

ሆስፒታል ተረኛው ሐኪም፣ ሰንበት ሰንበት እዚያ የሚሠራው ያው የጤና ጣቢያው አምቼ ልጅ ሆነ። ለካት፤ ፊቱ ተለወጠ፤ ነርሷን ጠራ። እጁ እየሠራ፣ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

"ክኒኑን ስንት ቀን ወሰዱ?"

ሰናይት አጠገቤ ናት። መዋሸት ይቻል ነበር፤ ሁለት ሳምንት ብል ማን ያውቃል። "አንድም ቀን" አልኩ።

አሁን አየኝ። "ለምን?"

"ደም ብዛት አላልከኝም? አስቀነስኩት።" ጀርባዋን ገልጬ አሳየሁት።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አባት" አለ፣ "ደሙ አይደለም የበዛው። ግፊቱ ነው። ደም ብዛት ስሙ ብቻ ነው። በደም ሥሯ ውስጥ ግፊቱ በዝቶ ጭንቅላቷ ውስጥ ጉዳት አድርሷል።"

ያችን መለኪያ አየሁ። መርፌዋ አሁንም ትንቀጠቀጣለች። በመጀመሪያው ቀንም አይቻታለሁ። ሃያ ዓመት በሙሉ የካልዳያ ግፊት መለኪያ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መርፌዋ ቀዩን ስትነካ ምን እንደሚደረግ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እናገራለሁ። እሳቱ ይቀነሳል። ውሃው ግን አይነካም። እሳት እየነደደ ውሃው የጎደለበት ካልዳያ ነው የሚፈነዳው፤ ይህን ለስንት ጀማሪ ሠራተኛ እየጮኽኩ አስተምሬአለሁ። እኔ በቤቴ ያደረግሁት ግን ይህንኑ ነው። ጨውና ቅባት እየጨመርኩ፣ ቁጭ አድርጌ እሳቱን አነደድኩ፤ ውሃውን በቀንድ ቀዳሁ። ያ ልጅ ያን ቀን "ግፊት" ቢል ኖሮ ይገባኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው ኖሮም ይነግረኝ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ሰፈሩ አንባቢ የሚለው ሰው አንድ ሐኪም ፊት "አልገባኝም" ማለት ስላቃተው ነው።

ሁለት ቀን ትኖር ትሞት እንደሆነ አልታወቀም። ሰናይት አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔ በር ላይ። ዘመድ በሳህን በሳህን ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ሐኪም ቤት ድረስ ዝግኒ። በሦስተኛው ቀን ለተብርሃን በግራ እጇ ጠራችኝ። ምላሷ ከብዷል፤ ቃሉን እንደ ድንጋይ እየተሸከመች ነው የምታወጣው።

"ምን... አለ... ሐኪሙ?"

"መቼ?"

"የመጀመሪያ ቀን።"

ሰናይት ነግራታለች ማለት ነው፤ ወይም ራሷ አስባ ደርሳበታለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ቃል በቃል ነገርኳት። ክኒኑን በየቀኑ። ጨው ቀንሺ። ቅባት ቀንሺ፣ ጣፋጭ ቀንሺ። በእግርሽ ሂጂ። ለምን እንዳልነገርኳትም ነገርኳት፤ ስለ ኩራቴ። ይቅር በይኝ አልኳት።

"ሕይወቴ... ነው" አለች። "ሁሉንም... ልትነግረኝ... ይገባ ነበር።"

ይህን ያህል ብቻ አለች። ይቅርታው ቆይቶ ነው የመጣው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ በሽታና ስለ ወንድሞቹ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ልብ፣ እጄ የገባውን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ያልገባኝን ደግሞ ያለ ኀፍረት እጠይቃለሁ። የገባኝን ልንገርህ። ይህ የአስመራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በየትኛውም አገር ሰው በእጁና በእግሩ የሚሠራው ሲቀንስ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና ሲጋራ ደጁ ድረስ ሲመጡለት ይኸው በሽታ ይከተላል። ሻጩ ነጋዴ ነው፤ አይነግርህም። የሚጋብዝህ ዘመድ ይወድሃል፤ እሱም አያውቅም። ጠላት በጠመንጃ ሲመጣ ልጆቻችን ተራራ ወጡ፤ ይህኛው ግን በሳህን ሲቀርብ "እሰይ" ብለን ተቀበልነው። ሚስቴን ረሃብ ሊገድላት ሞክሮ አልቻለም። እኔ በጥጋብ ልቀብራት ጥቂት ቀረኝ።

ጥፋቱ ሁሉ የበላተኛው ነው አልልም። ቀጭን ጎረቤቴም ይህ በሽታ አለበት፤ በሲጋራና በጭንቀት ነው መሰለኝ። ሐኪም አይደለሁም። የምለው ይህ ነው፤ መከላከል የሚቻለውን ሞት ባህል ነው ብዬ አልቀበልም። የቀረበልኝን ጉርሻ እምቢ እላለሁ። "ንቀኸን ነው" ይሉኛል፤ ይበሉ። በልጄ በሰናይት ሠርግ ጨው በቁንጥጫ ተጨምሮ፣ ሥጋው ጥቂት፣ አትክልቱ ብዙ ሆኖ ቀረበ። ተስፉ ግማሹን ትቶ ተነሣ፤ "ወልዱ በከበባው ጊዜ እንኳ የተሻለ ያበላን ነበር" አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምናሌውን ያወጣችው ሙሽራዋ ራሷ ናት፤ እኔ አልደፈርኩም።

ሐኪሙ ለተብርሃን መራመድ ትችላለች፣ ትራመድም ካለን ወዲህ በየጠዋቱ ከሓዝሓዝ ወደ መሀል ከተማ በእግራችን እንወርዳለን። ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፤ እኔ በዚያ ወገን ሆኜ ርምጃዬን ከእሷ ጋር አስተካክላለሁ። ያለፈው ሳምንት ተስፉ በማኪናው አጠገባችን ቆመና መስኮቱን አወረደ።

"ወልዱ፣ ማኪናህ ተበላሸች?"

"አይ፣ ደህና ናት። ቤት ቆማለች።"

"ታዲያ ይህቺን የታመመች ሴት በእግሯ ታንገላታታለህ? ሰው እያየ ነው፤ አታፍርም? ግቢ ለተ፣ ግቢ።" በሩን ከፈተላት።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ለተብርሃን ክንዴን ያዘች። ቃሉን ከጉሮሮዋ እስክታወጣው ሁለታችንም ጠበቅናት። ሲወጣ ግን ጥርት ብሎ ነው የወጣው።

"ሕለፍ" አለችው። እለፍ ማለቷ ነው። በሩንም በግራ እጇ መልሳ ዘጋችው።